የወንጀል ፊልም ታሪክና የአርሲዋ ልጅ ፍርድ

ወንጀል በተሠራበት አገር ሁሉ ሦስት ጥያቄዎች ይነሣሉ። ማን አደረገው? ስለ ምን አደረገው? ፍርዱስ የማን ነው? የመጀመሪያው ጥያቄ የመርማሪ ነው፤ ሁለተኛው የደራሲ ነው፤ ሦስተኛው ግን የሕዝብ ሁሉ ነው። የወንጀል ፊልም የሚባለው የሲኒማ ዐይነት በዓለም ሁሉ ሲስፋፋ ተመልካቹን በመጀመሪያው ጥያቄ ጠርቶ በሁለተኛው ሲያስተክዝ ኖሯል። ሦስተኛውን ጥያቄ አንሥተው እስከ መጨረሻው የሚከራከሩ ፊልሞች ግን ጥቂቶች ናቸው። ከነዚያም ከጥቂቶቹ አንዱ ታሪኩን ያገኘው ከታላላቅ ከተሞች ጎዳና ሳይሆን ከአርሲ ደጋ፥ ከስንዴና ከገብስ እርሻ መካከል ነው። የዚህ ጽሑፍ ዐላማ ያንን ፊልም ከርሱ በፊት ከነበሩት ታላላቅ የወንጀል ፊልሞች ጋር አስተያይቶ ማሳየት ነው።

የወንጀል ፊልሞች ብዙ ናቸው፤ ከነርሱ ውስጥ ግን በሥነ ጥበብ ታሪክ ልዩ ስፍራ ያገኙት «ጥቁር ፊልም» የሚል ስም የተሰጣቸው ናቸው። ስሙን ያወጣላቸው ኒኖ ፍራንክ የተባለ ሐያሲ ሲሆን፥ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1946፥ ስፍራውም ፓሪስ ነው። ፈረንሳይ በጀርመን ጦር በተያዘችበት ዘመን የአሜሪካ ፊልሞች እንዳይገቡ ተከልክለው ነበርና፥ ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በአንድ ጊዜ ሲደርሱ የፈረንሳይ ተመልካቾች አንድ ለውጥ አስተዋሉ። የአሜሪካ ሲኒማ ጨልሟል፤ ጀግናው ንጹሕ አይደለም፤ ፍጻሜውም ደስታ አይደለም። ለዚህ ጨለማ አንደኛው ምክንያት ከአውሮፓ የተሰደዱ አዘጋጆች ናቸው። ፍሪትስ ላንግ፥ ቢሊ ዋይልደርና ሮበርት ሲዮድማክ ከናዚ መንግሥት ሸሽተው ወደ አሜሪካ ሲሻገሩ፥ በበርሊን የተማሩትን የብርሃንና የጥላ አሠራር ይዘው ሄደዋል። የመስኮት መከለያ በሰው ፊት ላይ የሚጥለው የጥላ ሰረዝ፥ በዝናብ የራሰ የሌሊት ጎዳና፥ ባርኔጣውን ዝቅ አድርጎ ብቻውን የሚሄድ ሰው፥ እነዚህ ሁሉ የጥቁር ፊልም መታወቂያዎች ሆኑ።

ከነዚህ ፊልሞች ሁሉ ለእኛ ነገር የሚቀርበው ቢሊ ዋይልደር እ.ኤ.አ. በ1944 የሠራው ነው። ስሙ «ደብል ኢንደምኒቲ» ይባላል፤ ትርጓሜውም «እጥፍ ካሣ» ማለት ነው። አንድ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ከባለ ትዳር ሴት ጋር ተማክሮ ባልዋን ይገድላል፤ ሟቹ በአደጋ የሞተ ከመሰለ ኢንሹራንሱ ካሣውን እጥፍ አድርጎ ይከፍላልና፥ አሟሟቱን ከባቡር የወደቀ ያስመስሉታል። በዚህ ፊልም ካሣ የሚባለው ነገር ሰውን ወደ መግደል የሚያደርስ ነው። ጠመንጃ ወይም ሽጉጥ የያዘች ሴትም በጥቁር ፊልም ውስጥ ወጥመድ ናት፤ ውበቷ ማጥመጃ፥ እንባዋም ማታለያ ሆኖ ይታያል። አንባቢ እነዚህን ሁለት ነገሮች፥ ካሣንና መሣሪያ የያዘችውን ሴት፥ በልቡናው ይያዛቸው፤ ወደ አርሲ በደረስን ጊዜ ሁለቱም መልካቸው ተለውጦ ይገኛሉና።

ሦስተኛውን ጥያቄ፥ ማለትም ፍርዱ የማን እንደ ሆነ፥ ከጠየቁት የውጭ አገር ፊልሞች ሁለቱ ይበልጣሉ። አንደኛው ፍሪትስ ላንግ ገና ከጀርመን ሳይሰደድ እ.ኤ.አ. በ1931 ያዘጋጀው «ኤም» የተባለው ነው። ሕፃናትን የሚገድል ሰው በአንዲት ከተማ ውስጥ ይነሣል፤ ፖሊስ ሊይዘው ባለመቻሉ ሌቦችና ለማኞች አድነው ይይዙትና በአንድ ባዶ ቤት ውስጥ ችሎት ዘርግተው ይከሱታል። ነፍሰ ገዳዩ እጅግ የተጠላ ነው፤ ሆኖም ሌቦች ዳኛ በሆኑበት ችሎት ፊት ሲንቀጠቀጥ የሚያይ ተመልካች፥ ፍርድ ከቁጣ የተለየ ነገር እንደ ሆነ ሳይወድ ይረዳል። ሁለተኛው ጃፓናዊው አኪራ ኩሮሳዋ እ.ኤ.አ. በ1950 ሠርቶት በማግሥቱ ዓመት በቬኒስ የወርቅ አንበሳ ሽልማት ያገኘው «ራሾሞን» ነው። በጫካ ውስጥ አንድ ሰው ሞቷል፤ ሚስቱም ተደፍራለች። ወንበዴው፥ ሚስቲቱ፥ የሟቹ መንፈስና እንጨት ቆራጩ እየተራራቁ የሚሄዱ አራት ታሪኮች ይናገራሉ። መስካሪዎቹ ወደ ዳኛው ዞረው ሲናገሩ የዳኛው ፊት አይታይም፥ ድምፁም አይሰማም፤ የሚናገሩት ወደ ካሜራው ነው። እንግዲህ በዳኛው ወንበር ላይ የተቀመጠው ተመልካቹ ራሱ ነው ማለት ነው።

በአገራችን የወንጀል ምርመራና የፍርድ ታሪክ ከሲኒማ እጅግ የቀደመ ነው። በጥቁር ፊልም ውስጥ ወንጀለኛን የሚፈልገው አንድ ብቸኛ መርማሪ ነው፤ በእኛ አገር ግን የሚፈልገው ሕዝቡ በሙሉ ነበር። አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ በሚባለው ሥርዓት ሌባው ወይም ነፍሰ ገዳዩ ባልታወቀ ጊዜ የአገሩ ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ነገሩ እስኪወጣ ድረስም ወደ ሥራው እንዲመለስ አይፈቀድለትም። ያየ ሰው ስሙ ሳይገለጥ የሚመሰክርበት መንገድ ነበረ፤ እንዲህ ያለውንም ሰው «ወፍ» ይሉት ነበር። ሌላው ሌባ ሻይ ነው፤ መድኀኒት የጠጣ ብላቴና እየሮጠ ሄዶ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ነህ ይባል ነበር። ሌባ ሻይ ንጹሑን ከበደለኛው የማይለይ በመሆኑ ቀርቷል፤ አውጫጭኝ ግን በሕዝቡ አሳብ ውስጥ አንድ ነገር ትቶ አልፏል። ይኸውም ወንጀል የአንድ ሰው ገመና ብቻ አለመሆኑና መንደሩ ሁሉ የሚጠየቅበት ነገር መሆኑ ነው።

ሲኒማ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን የሲኒማ ቤት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ጠራው ይታወቃል፤ በጨለማ ውስጥ ሕይወት የሌለው ሰው ሲንቀሳቀስ ማየት ያስደነግጥ ነበርና። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፥ ኋላ ብሔራዊ ቴአትር የተባለው፥ ተመርቆ ተከፈተ። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ ኢላላ ኢብሳ ከግሪካዊው አዘጋጅ ከላምብሮስ ዮካሪስ ጋር የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ ረጅም ልብ ወለድ ፊልም አቀረበ። የፊልሙ ርእስ ራሱ የመርማሪ ጥያቄ ነው፤ «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» ይላል። የአገራችን ሲኒማ ሥራውን የጀመረው ስለ አንዲት ሂሩት ጥያቄ በማንሣት መሆኑን አንባቢ ያስታውስ።

ከዚያ በኋላ በ1966 ዓ.ም. ሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ» የተባለውን ፊልም ሠራ። ስሙ እስከ ዘመናችን ድረስ ተከብሮ በመቆየቱ በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው የፊልም ሽልማት በርሱ ተሰይሟል። ጉማ በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ፥ በአርሲም ጭምር፥ የደም ካሣ ተከፍሎ እርቅ የሚወርድበት ሥርዓት ነው። ሰው በተገደለ ጊዜ የሟች ወገን ደም ለመመለስ ሲነሣ ሽማግሎች በመካከል ይገባሉ፤ የገዳይም ወገን በአንድነት ካሣውን አዋጥቶ ይከፍላል፤ ደምም በደም ላይ እንዳይፈስ ይደረጋል። ከላይ የጠቀስነው የአሜሪካ ፊልም ካሣ ሰውን የሚያስገድል መሆኑን አሳይቶናል፤ የጉማ ካሣ ግን መግደልን የሚያስቀር ነው። አንዱ የሰውን ሞት ለአንድ ሰው ትርፍ ሲያደርገው፥ ሌላው ለወገን ሁሉ ዕዳ ያደርገዋል። እንዲህ ያለው ሥርዓት ብዙ ሕይወት ያተረፈ ስለ ሆነ ጥንታዊነቱ ብቻ ታይቶ የሚናቅ አይደለም።

በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ለሴት ልጅ ክብር የቆመ ሌላም ሥርዓት አለ። ሲንቄ የሚባለው ቀጭን በትር እናት ለልጅዋ በሠርጓ ቀን የምትሰጣት ነው። ያገባች ሴት ክብሯ በተነካ ጊዜ ሲንቄዋን ይዛ ትጮኻለች፤ የሰሙትም ሴቶች ሁሉ ሥራቸውን ትተው በትራቸውን እየያዙ ይወጣሉ፤ በዳዩም ይቅርታ እስኪጠይቅና እስኪክስ ድረስ ወደ ቤታቸው አይመለሱም። በሚዋጉ ወንዶች መካከል ሲንቄ የያዙ ሴቶች ቢገቡ ጠቡ ይቆማል። እንግዲህ የአርሲ ባህል ለሴት መሣሪያ አልሰጣትም ማለት ስሕተት ነው። ነገር ግን ይህ መሣሪያ የሚሰጠው በሠርግ ቀን ነው። በመንገድ ላይ ተጠልፋ የተወሰደች ሕፃን ያ ቀን ገና አልደረሰላትም፤ በእጅዋም ሲንቄ የለም።

አርሲን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር አገሩን በአጭሩ እናሳየው። አሰላ ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጭላሎ ተራራ ግርጌ የተቀመጠች ከተማ ናት። ደጋው ሰፊና ገላጣ ነው፤ ፈረስ የሚወደድበት፥ ስንዴና ገብስ የሚታጨድበት፥ ልጆችም ብዙ መንገድ በእግራቸው እየሄዱ የሚማሩበት አገር ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በልጅነቱ ወደ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ይሄድ እንደ ነበር ዓለም ሁሉ ሰምቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው «ኢንዱራንስ» የተባለው ፊልምም ይህንኑ መንገድ ለዓለም አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ ኦሊምፒክ ኃይሌ በ10,000 ሜትር፥ የበቆጂዋ ፋጡማ ሮባ ደግሞ በማራቶን የወርቅ ሜዳልያ አገኙ። የአርሲ መንገድ በዚያ ዓመት እጅግ ተመሰገነ።

በዚያው በ1996 በዚያው በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ስትመለስ በፈረስ የመጡ ወንዶች ጠለፏት። ሊያገባት የፈለገው ሰው በግድ ደፈራት። እርሷም ለማምለጥ ስትሸሽ የራሱን ጠመንጃ አንሥታ ተኮሰችና ገደለችው። ልጅቱ በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር፥ ገና በተቋቋመ በጥቂት ጊዜ ውስጥ፥ በወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ መሪነት ጉዳይዋን ይዞ ተሟገተላት። የሟሟቻዎቹም ክርክር ራስን መከላከል ወንጀል አይደለም የሚል ነበር፤ ከረጅም ክርክርም በኋላ ፍርድ ቤቱ ነፃ ለቀቃት።

የዚህን ፍርድ ክብደት ለመረዳት የዚያን ጊዜውን ሕግ ማየት ያስፈልጋል። በሥራ ላይ የነበረው በ1949 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነበረ። ይህ ሕግ በአንቀጽ 74 ራስን በሕጋዊ መንገድ መከላከልን ይፈቅዳል። በአንቀጽ 558 ደግሞ ጠለፋን ከ3 ዓመት በማይበልጥ እስራት ይቀጣል፤ ነገር ግን የተጠለፈችው ሴት ከጠላፊዋ ጋር በፈቃድዋ ጋብቻ ብትፈጽም ክሱ እንዲቀር ያደርጋል። ሕጉ «በፈቃድዋ» ይላል፤ ከቤተ ሰብዋ ርቃ በጠላፊው ቤት የተቆለፈባት ልጅ ፈቃድ ግን ምን ያህል ፈቃድ ነው? ሽማግሎችም መጥተው ቤተ ሰቡን ያስታርቃሉ፤ ካሣም ይከፈላል፤ ጠለፋውም ጋብቻ ይሆናል። ደምን የሚያደርቀው ያው የእርቅ መንገድ በዚህ ስፍራ የልጅቱን ጩኸት ያደርቃል። በነገሩ ሁሉ ውስጥ አባት ይጠየቃል፥ ጠላፊው ይጠየቃል፥ ሽማግሌው ይጠየቃል፤ የማትጠየቀው የተበደለችው ብቻ ናት።

ይህ ታሪክ ነው በአዘጋጁ በዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ እጅ «ድፍረት» የተባለ ፊልም የሆነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2014 መጀመሪያ በአሜሪካ በሰንዳንስ፥ ቀጥሎም በበርሊን የፊልም በዓል ታይቶ በሁለቱም የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። በፊልሙ ውስጥ የልጅቱ ስም ሂሩት ተብሏል፤ ትዝታ ሀገሬ ሆና ተጫውታለች። ጠበቃዋን መዓዛን ሜሮን ጌትነት ሆናለች። ከሃምሳ ዓመት በፊት የመጀመሪያው ፊልማችን ስለ አንዲት ሂሩት አባቷን ጠይቆ ነበር፤ የኋለኛው ፊልም ስለ ሌላይቱ ሂሩት የጠየቀው ዳኛዋ ማን እንደ ሆነ ነው።

የፊልሙ ርእስ በአማርኛ ብቻ ሙሉ ትርጓሜ የሚያገኝ ቃል ነው። ደፈረ ማለት ፍርሀትን አሸነፈ ማለት ነው፤ ደፈረ ማለት ደግሞ የሌላውን ክብር በግድ ጣሰ ማለት ነው። የጠላፊውም ሥራ ድፍረት ነው፤ የልጅቱም ሥራ ድፍረት ነው። ሌላ ቋንቋ ለነዚህ ሁለት ነገሮች ሁለት ስም ያወጣል፤ የእኛ ቋንቋ ግን በአንድ ቃል አስሯቸው ልዩነቱን ለሰሚው ፍርድ ትቶታል።

አሁን ይህን ፊልም ከጥቁር ፊልም ጋር እናስተያየው። በጥቁር ፊልም ወንጀል የሚሠራው በሌሊት ነው፤ ጨለማው ይሸፍነዋል። በአርሲ ግን ወንጀሉ የተሠራው በጠራራ ፀሐይ፥ ከሩቅ በሚታይ ገላጣ መንገድ ላይ ነው። የሸፈነው ጨለማ ሳይሆን ልማድ ነው፤ ሰው ሁሉ እያየው ወንጀል መሆኑ ሳይታይ የሚቀር ነገር ከጨለማ ሁሉ ይበልጥ የጨለመ ነው። በጥቁር ፊልም ያለው ሰው የሚጠፋው ሰው አጥቶ፥ በትልቅ ከተማ ውስጥ ብቸኛ ሆኖ ነው፤ በአርሲው ታሪክ ያለችው ልጅ ግን በወገን፥ በጎረቤትና በሽማግሌ መካከል ሆና ነው ብቻዋን የቀረችው። በጥቁር ፊልም መሣሪያ የያዘች ሴት ወጥመድ ናት ብለን ነበር፤ እዚህ መሣሪያ የያዘችው ልጅ ከወጥመድ ያመለጠች ናት። ማን እንደ ተኮሰም የሚፈለግ ነገር የለም፤ ልጅቱ ተኩሳለች። የቀረው ጥያቄ ሦስተኛው ብቻ ነው።

ለዚህም ጥያቄ ፊልሙ ሁለት ችሎት ያሳያል። አንደኛው በዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጡት የሽማግሎች ሸንጎ ነው፤ ሁለተኛው የመንግሥት ፍርድ ቤት ነው። አዘጋጁ ሽማግሎቹን ክፉዎች አድርጎ አለማቅረቡ የፊልሙ ትልቅ ዋጋ ነው። እነርሱ የሚያስቡት ስለ ሰላም ነው፤ ሟችም ልጅ ነበረው የሚሉ ወላጆች በፊታቸው ቆመዋል። ነገር ግን ሸንጎው የሚመዝነው ወገንን ከወገን ጋር ሲሆን፥ ፍርድ ቤቱ የሚመዝነው አንዲትን ነፍስ ከሕግ ጋር ነው። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፥ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ ፍርድ ለሕዝባችን ምን ያህል የከበረ እንደ ሆነ ይናገራል። ለዚያች ልጅ ያለ ፍርድ የሄደው ጭብጦ ሳይሆን ሕይወቷ ሊሆን ነበር።

የፊልሙ ታሪክ ግን በዚህ አላለቀም። ነሐሴ 28 ቀን 2006 ዓ.ም. ፊልሙ በአዲስ አበባ በብሔራዊ ቴአትር ሊመረቅ እንግዶች ከተሰበሰቡ በኋላ፥ ከፍርድ ቤት የእገዳ ትእዛዝ ደርሶ ሳይታይ ቀረ። አቤት ያለችው የታሪኩ ባለቤት ናት፤ ሕይወቴ ሲታይ እኔስ ምን ድርሻ አለኝ ብላ ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እገዳው ተነሥቶ ፊልሙ ለሕዝብ ታየ። በዚህ ነገር ማን ልክ ነበር ብሎ መፍረድ የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም። ሊታለፍ የማይገባው ግን አንድ ነገር አለ። ያች ልጅ በ14 ዓመቷ ማንም ሳይጠይቃት ነገሯ ሊቆረጥ ነበረ፤ አድጋ በሕግ ፊት «እኔን ጠይቁኝ» ማለትን ተምራለች፤ ያንኑም በስሟ በተሠራው ፊልም ላይ ተጠቅማበታለች። ፍርድ ቤት ነፃ ማውጣቱ ካፈራው ፍሬ ሁሉ ይህ ሳይበልጥ አይቀርም።

ሕጉም ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ጋብቻ በተጋቢዎች ነፃና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንዲመሠረት ደንግጎ ነበር። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 587 ለማግባት ብሎ የጠለፈውን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚደረግ ጋብቻም ከወንጀሉ ተጠያቂነት አያድንም ይላል። ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊም ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለዋል፤ በዚያም ወንበር ላይ የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው።

ሕግ በመጽሐፍ ላይ ይጻፋል፤ ልማድ ግን በሰው ልብ ውስጥ የተጻፈ ስለ ሆነ የሚፋቀው በዝግታ ነው። ለዚህ ሥራ ሲኒማ ከታላላቆቹ መሣሪያዎች አንዱ ነው። «ራሾሞን» ተመልካቹን በዳኛ ወንበር እንዳስቀመጠው ሁሉ፥ «ድፍረት»ም በአሰላ፥ በበቆጂ ወይም በአዲስ አበባ ላለው ተመልካች ያንኑ ወንበር ይሰጠዋል። በዚያ ወንበር የሚቀመጥ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያደርገው የሚገባ ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም የተበደለችውን ራስዋን ጠርቶ ቃልዋን መስማት ነው።